አርባ ግንቦችና አንድ ግራጫ

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ሔራን ሳትጠይቀኝ ስሜን አስመዘገበች። ልጄ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከጓደኞቿ ጋር የብስክሌት ማኅበር አቋቁማለች። «አባዬ፣ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጠህ ሬዲዮኑን ከምትቆጣው ወጥተህ ዳገቱን ተቆጣው» አለችኝ። ባሕር ዳር ከቤዛዊት በቀር ዳገት የላትም። ነገርኋት።

ፈተናው እንዲህ ነው። ክረምት ከሚገባበት ከዛሬ እስከሚወጣበት እስከ መስከረም 25 ድረስ፣ በዝናብም በጭቃም በብስክሌት እየዞሩ አርባ የአደባባይ ሥዕሎችን ፎቶ ማንሳት። የግንብ ሥዕል፣ የበር ሥዕል፣ ሐውልት፣ በእጅ የተሣለ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ብስክሌቱ ፎቶው ውስጥ መታየት አለበት። ከሥሩ ቦታውና የሠሪው ስም ይጻፋል።

«የሠሪው ስም ባይገኝስ?» አልኋት።

«ያልታወቀ ብለህ ትጽፋለህ።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኮሌጅ ውስጥ የምሕንድስና ንድፍ ሳስተምር ስም የሌለበት ወረቀት ተቀብዬ አላውቅም። ያልታወቀ የሚባል ነገር የለም። ያልተጠየቀ ነው።

ሐምሌ 1

ዝናብ። ሁለት ፎቶ። ፓራፋንጎው ተሰብሮ ጭቃው እስከ ማጅራቴ ደረሰ። በብስክሌት መሥመሩ ላይ የቆመ መኪና፣ አሥራ አንድ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ቁጥር 3። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ወፍጮ ቤት። ግንቡ ላይ ሦስት ሴቶች እህል ተሸክመው ቆመዋል፤ አንድ አህያ፣ አንድ ሚዛን። የሴቶቹ ፊት ጨለማ ነው። የሚያበራው የነጠላቸው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ከኋላቸው ይመጣል። ደንበኛ ለመጥራት በተሣለ ሥዕል ላይ የሰው ፊት ማጨለም ምን የሚሉት ዕውቀት ነው? የተማሪ ሥራ ቢሆን ከአሥር አራት።

ባለ ወፍጮውን «ማን ሣለው?» አልሁት።

«ኖሮ ነው ያገኘነው፣ ጋሼ።»

«ግንቡን ነው ሥዕሉን?»

«ሁለቱንም። እኔንም ኖሬ ነው ያገኙኝ» አለና ከቅንድቡ ላይ ዱቄት እየጠረገ ሳቀ።

ደግነቱ መስከረም ላይ ይሸፈናል። ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር ያለ ግንብ ሁሉ አንድ ግራጫ ይቀባል። መመሪያውን ባለፈው ጥር የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከተማውን የሚያስውበው የጎዳና ኮሚቴ ባለሙያ ሲፈልግ እኔን ጠራ። አራት ገጽ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት። ሦስተኛው አንቀጽ «ግንቦች ሁሉ ያለ ልዩነት ይቀባሉ» ይላል። ግራጫውንም ከሃያ ሦስት ናሙና የመረጥሁት ራሴ ነኝ። ጥሩ ግራጫ ነው። የሚጠበቀው ዝናቡ እስኪያቆም ብቻ ነው፤ በክረምት ቀለም አይይዝም።

ሐምሌ 12

ቁጥር 9። ሐይቁ ዳር ያለው አሮጌው መጋዘን። ርዝመቱ በእርምጃዬ አርባ ሁለት ሜትር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሥሏል፦ ታንኳ ወደ ዳር የሚጎትቱ፣ ዓሣ የሚያጸዱ፣ ሎሚ የሚደረድሩ ሴቶች፣ ብስክሌቱን የሚያጥብ ሰው። አንድም ቦታ ጥላ የለም። ጠፍጣፋ ነው። ሰዎቹ ሁሉ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል፤ አንዳንዱ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዷል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

የብስክሌቱ ካቴና ግን ልክ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ በቦታው። የሣለው ሰው እጅ አለው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ እጅ ያለው ሰው ጥላን እንዴት ይረሳል?

የሠሪው ስም፦ ባዶ ተውሁት። ያልታወቀ አልልም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ዛሬ ጎማዬ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ጎሚስታው ከመነዳሪውን እያወጣ «ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው በዚህ ዝናብ የሚወጣው ለቀብር ብቻ ነው» አለኝ። ወጣቶቹ ሳቁ። እጁ ግን ንጹሕ ሥራ ይሠራ ነበር።

ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ግንቦች አሉ፤ አንዱ ጫማ ቤት፣ አንዱ ልብስ ሰፊ። ፎቶዎቹን ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሳያቸው ደሜ ፈላ። የአንዱ ሥዕል ብርሃን ከቀኝ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ከግራ። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ፀሐይ። የሣላቸው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ምንም አልጠራጠርም። የቀሚስ ጠርዝ ሲሣል ሦስት አጭር ጭረት፣ ከዚያ አንድ ረጅም። መጋዘኑም ላይ እንዲሁ ነው። ወፍጮ ቤቱም ላይ እንዲሁ ነው።

ሰገነት «ምሳህ በረደ» አለች። ባለቤቴ ናት፤ ሒሳብ ታስተምራለች፤ አትጨቀጭቅም። «ምን አጠፋ ሰውየው?» ስትል ፎቶዎቹን አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችና «ስሕተት ቢሆን ሁሉም በአንድ ዓይነት ይሳሳት ነበር» አለች።

ሐምሌ 22

ትልቅ ወረቀት ላይ የከተማውን ካርታ ሣልሁ። ያንን የጠርዝ አሣሣል ያገኘሁባቸው ግንቦች ዘጠኝ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ቀስት አደረግሁ። ወደ ምሥራቅ የሚያየው ግንብ ከቀኝ። ወደ ምዕራብ የሚያየው ከግራ። ወፍጮ ቤቱ ወደ ደቡብ ያያል፤ ብርሃኑ ከሥዕሉ ጀርባ። መጋዘኑ ወደ ሐይቁ ያያል፤ ብርሃኑ ከተመልካቹ ጀርባ፣ ስለዚህ ጥላ የለም።

ዘጠኙም ቀስት ወደ አንድ ወገን ነው። ወደ ሰሜን።

ወንበሬን ስቤ ቆምሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ከአሥር አራት ሰጥቼው ነበር።

ሐምሌ 27

ቸኩዬ አልፈርድም። በሐምሌ ፀሐይ በእኛ አገር በሰሜን በኩል ናት። ሠዓሊው በክረምት የሠራ እንደሆነ ያየውን ነው የሣለው፤ የሚደነቅ ነገር የለውም። ግን በክረምት ቀለም አይይዝም፤ በክረምት ግንብ የሚሥል የለም። ሌላው ሰሜን ያለው ነገር ሐይቁ ነው። ከሐይቁ ነው ከሰሜን? ባሕር ዳር ውስጥ ሆኜ ልለየው አልችልም፤ ሁለቱም በአንድ በኩል ናቸው። ሐይቁ በሌላ ወገን የሚውልበት ቦታ ያስፈልገኛል።

ሁለት ግንቦች ጨመርሁ። አሥራ አንድ ሆኑ። ሁሉም ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር ባለው ውስጥ ናቸው።

ዝናቡ ዛሬ ቀለል አለ። አልወደድሁትም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ሐሙሲት ሄድሁ። አንድ ተማሪዬ እዚያ ግንቡ ላይ ሥዕል ያለው ሻይ ቤት እንዳለ ነግሮኝ ነበር። ሰገነት ብቻህን አትሂድ አለች፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ሹፌሮቹ ዛሬ ክፍት ነው አሉኝ። ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ወጣሁ። በየኬላው ወረድን። አንዱ ወታደር ብስክሌቱን አይቶ «ለምንድን ነው?» አለኝ። «ሥዕል ፎቶ ላነሳ» አልሁት። ከጓደኛው ጋር ተያዩና አሳለፉኝ። እውነት እንዲህ ሞኝ ሲመስል አይጠረጠርም።

ከሐሙሲት ሐይቁ በምዕራብ ነው። የሻይ ቤቱ ግንብ እንደ ወፍጮ ቤቱ ወደ ደቡብ ያያል። ብርሃኑ ከሰሜን ከሆነ የሰዎቹ ፊት ይጨልማል። ከሐይቁ ከሆነ ከግራ ይመጣል።

ከግራ ነው።

እዚያው ጭቃው ላይ ብስክሌቴን ይዤ ቆምሁ። ሥዕሉ ላይ ሁለት ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ፤ የልብሳቸው ጠርዝ ያው ሦስት አጭር ጭረትና አንድ ረጅም ነው፤ የብርጭቆዎቹ ግራ ጎን ያበራል፤ በአንደኛው ሰው ጉንጭ ላይ ያለው ብርሃን መንገድ ሊጀምር የተነሣ ሰው ደስታ ይመስላል። ባለ ሻይ ቤቷ አገርነሽ ትባላለች። «ምነው፣ አውቶቡስ አመለጠዎት?» አለችኝ።

«ይህን የሣለው ማን ነው?»

«የሣለችው ይበሉ። አሪፋ ሙሀመድየሱፍ ናት፣ የወረታዎቹ ልጅ። አሁን ባሕር ዳር የወንድሟ ልጅ ቀለም ቤት ነው የምትውል አሉ። ሻይ ላምጣ?»

ሦስት ጠጣሁ። ቁጥር 21። የሠሪው ስም፦ አሪፋ ሙሀመድየሱፍ። ዝርዝሬን ወደ ኋላ ገልጬ በአሥራ አንዱም ባዶ ቦታ ላይ ጻፍሁት።

ነሐሴ 6

ቀለም ቤቱ ገበያው አጠገብ ነው። የወንድማቸው ልጅ አብዱልበሲጥ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልኩን ያያል። እትዬ አሪፋ ጥግ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጠው ተቀምጠው ሌላ ቆርቆሮ ያማስላሉ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም። ከሦስታችን በቀር ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም።

«አዘዘ እባላለሁ። ብርሃኑ ሁሉ ለምንድን ነው ከሐይቁ የሚመጣው?» አልኋቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምሁም።

ማማሰላቸውን አቁመው አዩኝ። «የሐሙሲቱን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ። ከግራ ነው።»

«እንግዲያ ተቀመጥ።»

አባታቸው እዚሁ ባሕር ዳር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ ሱቃቸው በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ሐይቁ በየት እንደሆነ ነበር። ሐይቁን ያወቀ ሰው ከተማዋ አትጠፋበትም፤ ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም ገበያውንም ከዚያ ይለካዋል። «እኔ ማስታወቂያ መሥራት ስጀምር አባቴ ‹መንገዱንም አሳዪ› አለኝ። ፊደል ለማያውቅ ሰው ቀስት ብትሥልለት ጦር ነው የሚመስለው። ብርሃን ግን የማያውቅ የለም። ሰው ቆሞ ሥዕሉን ሲያይ፣ ሳያስበው እግሩ ወደ ብርሃኑ ይሄዳል። ማስታወቂያ ነው አይዶል? ካላመላከተ ምኑን ማስታወቂያ ሆነ?»

«ስምዎን ለምን አልጻፉበትም?»

«ሐይቁን አሳየኋቸው። ስሜን ምን ያደርጉታል?»

እንዲህ ያለ መልስ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ መሐንዲስ አፍ አልሰማሁም። ደብተሬን አውጥቼ እንደ ተማሪ ጻፍሁት።

«ስንቱን አገኘህ?»

«ከተማው ውስጥ አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ፈርሰዋል።» እጃቸውን አነሡ፤ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ብሩሽ ከያዙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን የሚችሉት ማማሰል ብቻ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ አሥራ አንድ ሌላ አይጨመርም።

የሚያማስሉትን ያየሁት ያኔ ነው። ግራጫ።

«ለኮሚቴው ነው» አለ አብዱልበሲጥ። «ሁለት መቶ ቆርቆሮ።»

እትዬ አሪፋ እንጨቱን ከፍ አድርገው ቀለሙ ሲወርድ አዩት። «የመረጠው ሰው ዓይን አለው። ጥቂት ሰማያዊ አስገብቶበታል። በዝናብ ቀን የሐይቁ ቀለም ይኸው ነው። እኔን ቢጠይቁኝም ከዚህ ሌላ አልመርጥም።»

አልነገርኋቸውም። ሰው ነበር።

ነሐሴ 10

ሰገነት፦ «ነገርሃቸው?»

ጊዜው አልተመቸም።

ነሐሴ 17

ዛሬ ከቀትር በፊት ደመናው ተከፈተና መጋዘኑ ጋ ሄድሁ። ለሃያ ዓመት በየቀኑ ያለፍሁበት ግንብ ነው። ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ቆምሁ። ውሃው ከኋላዬ ያንጸባርቃል። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞረው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። ያቺ ሎሚ ሻጭ፣ ያ ዓሣ የያዘ ሽማግሌ፣ እጁን ግንባሩ ላይ የጋረደው። ነጸብራቁ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ብርሃን ዓይናቸውን ወግቷቸው ነው። አርባ ሁለት ሜትር ሙሉ የተሣለው፣ ሥዕሉ ላይ የሌለው ሐይቅ ነው።

ጠፍጣፋ ብዬው ነበር። ጥላ ረስቷል ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ዞር ብል ኖሮ።

ሽማግሌው የያዘው ዓሣ ላይ ብርሃኑ ቅርፊት በቅርፊት ተቀምጧል። ብስክሌቱን የሚያጥበው ሰው ባልዲ ውስጥ አንድ ነጭ ነጥብ አለ፤ ከዚያ ነጥብ በቀር ባልዲው ባዶ ይመስል ነበር። አንድ ነጥብ። እኔ ለዚህ ነገር አራት ገጽ ያስፈልገኛል።

ሥዕሉን አንሥተህ ሌላ ቦታ ብታደርገው ይሞታል። ይህ ሥዕል ልክ የሚሆነው እዚህ ብቻ ነው።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ብሩክ ቤት መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ተማሪዬ ነበር፤ ጥሩ ልጅ፣ ማስመሪያ አያያዙ ቀጥ ያለ። መስከረም 20 ሥራው ይጀመራል፣ ዝናቡ ካቆመ። «መምህር፣ የእርስዎን መመሪያ ሌሎች ከተሞችም እየጠየቁን ነው» አለ። ሔራን ከጓዳ ሰማች። አየችኝ። የማን መመሪያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር።

ብሩክ ከሄደ በኋላ «አባዬ፣ አሥራ አንዱም እዚያ ውስጥ ናቸው?» አለችኝ።

«ናቸው።»

ሌላ አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። ደንቡ መጥፎ አይደለም። ከተማው በተዝረከረከ ቀለም ተበላሽቶ ነበር፤ ለዚያ የተጻፈ ደንብ ነው። ማየት የነበረብኝን አላየሁም እንጂ ደንቡ መጥፎ አይደለም።

ዛሬም ቀለም ቤቱ ሄጄ ነበር። ዛሬም አልተመቸም።

ጳጉሜ 4

ስብሰባ። ሰባት ሰው። አንቀጽ ሦስት እንዲሻሻል ጠየቅሁ። ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ ቀስቶቹን አሳየሁ፣ የሐሙሲቱን ፎቶ አሳየሁ። አዳመጡኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም።

አንዱ «በቃ በትልቁ እናሳትመውና አዳራሽ እንሰቅለዋለን። እንዲያውም ዝናብ አይነካውም» አለ።

«አዳራሹ ውስጥ ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አልሁት።

«ምን?»

ሳልቆጣ ለማስረዳት ሞከርሁ። ተቆጣሁ።

ብሩክ ደብተሩን ገለጠ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥር ላይ ባለ ሆቴሎቹ ለእኛ ብቻ ይለቀቅ ሲሉ ምን እንዳሉ ጽፌ ይዣለሁ። ‹አንድ ልዩነት የፈቀደ ደንብ ሁለተኛውን የሚከለክልበት አፍ የለውም።› ዛሬ አሥራ አንድ ብፈቅድ ነገ መቶ ይመጣል። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ልክ ነው። የእኔ ቃል ከእኔ አፍ ይልቅ በእሱ አፍ ሲሰማ ጠንካራ ነው።

ተማከሩ። መጨረሻ ላይ «ለእርስዎ ስንል አንድ» አለ። «አንድ ግንብ ብቻ። እስከ መስከረም 5 የቱ እንደሆነ ይጻፉልን። በእርስዎ ጥያቄ መሆኑ ቃለ ጉባኤው ላይ ይገባል።»

ይግባ። እቤት እንደገባሁ ደብዳቤውን ጻፍሁ። መጋዘኑ። ለማሰብ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

መስከረም 2

ቀለም ቤቱ ስገባ እትዬ አሪፋ እንኳን አደረሰህ ሊሉኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። የስብሰባውን ነገር ነገርኋቸው፤ ደብዳቤውንም አሳየኋቸው፣ ለክብር ያህል። እንደሚደሰቱ አልተጠራጠርሁም።

አንብበው መለሱልኝ። «ወፍጮ ቤቱ ይሁን።»

«የቱ ወፍጮ ቤት?»

«መናኸሪያው ጋ ያለው። ፊታቸው የጨለመው።»

ተከራከርሁ። ድምፄ ከፍ ሳይልም አልቀረም፤ አብዱልበሲጥ ስልኩን አስቀመጠ። መጋዘኑ አርባ ሁለት ሜትር ነው፣ የስድስት ወር ሥራ ነው፣ በአገሩ እንደሱ ያለ የለም አልኋቸው። አንድ ባልዲ ውስጥ ስላለው ነጭ ነጥብ ተናገርሁ።

«ነጥቧን አየሃት?» አሉና ፈገግ አሉ። ቀጥለውም «መጋዘኑ ፊት የቆመ ሰው ዞር ቢል ሐይቁን ያገኘዋል። ከመራዊ፣ ከዳንግላ መጥቶ ከአውቶቡስ የወረደውስ ምን አለው? ፊቱ ሕንፃ ነው፤ ውሃው አይታየው። ወፍጮ ቤቱ ሐይቁ ከግንቡ ጀርባ እንዳለ ይነግረዋል። የሚጠቅመው ይትረፍ፤ የሚያምረውን ይቀቡት።»

«ለእኔ የሚከብደኝ የሚያምረው ነው።»

«ለእኔ የማይከብደኝ መሰለህ?»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ከዚያ እዚያው ባንኮኒው ላይ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍሁ። ከአሥር አራት የሰጠሁትን ግንብ።

ግራጫውን ዛሬ ልነግራቸው አስቤ ነበር። በዓል ነው፤ አልተመቸም።

መስከረም 12

ዝናብ። ቁጥር 37፣ ሰባታሚት፣ የአንድ ገበሬ በር ላይ የተሣለ ዶሮ። ሥራው የዋህ ነው፤ ክንፉ ግን ይበርራል። ገበሬው ራሱ ነው የሣለው። ሲነግረኝ አፈረ። እንዳያፍር ነገርሁት። ይህን ዶሮ ሰኔ ላይ ባየው ምን እል እንደነበር አውቃለሁ።

ሰገነት የራሰ ልብሴን እየጨመቀች «ዝናብ እንዳያቆም የሚለምን ባለ ብስክሌት ዘንድሮ አየሁ» አለች።

በቃ አንድ ሳምንት ይጨምር።

መስከረም 17

መስቀል። ጠራራ ፀሐይ። ደመና የለም።

መስከረም 20

ከመጋዘኑ ጀመሩ። ስድስት ቀቢዎች፣ ሁለት መሰላል። ስደርስ እትዬ አሪፋ ከዛፉ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አብዱልበሲጥ ከኋላቸው ቆሟል። ብስክሌቴን አቁሜ አጠገባቸው ቁጢጥ አልሁ። ታንኳ ጎታቾቹ ሄደው ነበር። ሎሚ ሻጯ ገና ነበረች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ።

«እትዬ አሪፋ፣ ግራጫውን የመረጥሁት እኔ ነኝ። መመሪያውንም የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ዓይናቸውን ከግንቡ ሳያነሡ። «ናሙናው ከፊርማህ ጋር ነው የመጣልን። አዘዘ፣ የንድፍ መምህር። ሱቅ ገብተህ ስምህን ስትናገር ነው ያወቅሁህ።»

«ታዲያ ያን ቀን ያሉኝ...»

«ግራጫው ጥሩ ነው አልሁህ። አልዋሸሁህም። የቀረውን አንተ እስክትለው ጠበቅሁ።» ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰባት ሳምንት ፈጀብህ።»

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትሁ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ የሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ወደ ቀቢዎቹ ያመለክታል።

«እነዚያ ከታች ነው የጀመሩት። ከላይ ነው የሚጀመር። ከላይ ሲመጡ ይንጠባጠብና ያበላሽባቸዋል። ሂድና ንገራቸው። ካልቀረ በደንብ ይቀባ።»

ሄጄ ነገርኋቸው። መሰላሉን አነሡ፤ ከላይ ጀመሩ። እስኪያልቅ ከእሳቸው ጋር ተቀመጥሁ። ባልዲው ጋ ሲደርሱ ነጭ ነጥቧም ሄደች።

እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ከተማ ለአርባ ዓመት ሲሠራ እኔ በብስክሌት መሥመር ላይ የቆመ መኪና እቆጥር ነበር።

መስከረም 25፣ እሑድ

ክረምት ወጣ።

ጠዋት በመናኸሪያው በኩል አለፍሁ። ግራና ቀኙ ግራጫ ሆኖ ወፍጮ ቤቱ መሐል ላይ ብቻውን ቀርቷል። ከመራዊ አውቶቡስ አንዲት ሴትዮ በዘንቢል ዶሮ ይዘው ወረዱ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ሥዕሉ ፊት ጥቂት ቆሙ። ከዚያ በወፍጮ ቤቱ ጎን ባለችው መንገድ ወደ ሰሜን ሄዱ። ማንንም አልጠየቁም። ምናልባት ቀድሞውንም መንገዱን ያውቁት ይሆናል። እኔ ግን ፔዳሌን ረግጬ እስኪጠፉ አየኋቸው።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ። ግንቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ ነጠብጣብ የለበትም፣ የብሩሽ ምልክት የለበትም። ብስክሌቱን እንዳይነካው አንድ ክንድ አርቄ አቆምሁት። ቁጥር 40።

ማታ ሔራን ፎቶዎቹን በየቁጥራቸው ወደ ማኅበሩ ዝርዝር ታስገባ ነበር። አርባኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አባዬ፣ እዚህ ምንም የለም እኮ።»

«ብስክሌቱ አለ። ቦታው ተጽፏል።»

ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየችው። ቦታውን ስታነብ ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ላትጎዳኝ ብላ ይመስለኛል፣ «ሠሪውን ያልታወቀ ልበለው?» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኋት። «አዘዘ ወልደ ሐዋርያት ብለሽ ጻፊ።»